በሽቦ አጥር ውስጥ ያለ እንስሳ ፎቶው ለምን ይነጣል? (ሆለታ እና ገፈርሳ)

ሰብለ ካሜራ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ሆለታ ያለውን የቦርን ፍሪ የዱር እንስሳት ማገገሚያ፣ እንስሳ ኮቴን፣ ለማየት ቀጠሮ ይዘናል። ስንመለስ ገፈርሳ ጎራ ብለን ወፍ ለማንሳት አስበናል። ካሜራው ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ያለው) ካነን ነው፣ 24 ሜጋፒክስል፤ ሌንሱ 55-250፣ ጥጉ ላይ ኤፍ 5.6። ከዚያ ውጭ ስልክ አለን።

በሽቦ ውስጥ የሚነሱት ሁሉ ችግር አለባቸው። አንዳንዱ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ሙሉ በሙሉ ይነጣል። አንዳንዱ ሽቦውን ጥርት አድርጎ አንበሳውን ያደበዝዛል። ጉሬዛ ሲሆን ደግሞ ጥቁሩ ከሰል፣ ነጩ ኖራ ሆኖ ይወጣል፤ ፊቱ አይታይም። ወፎቹስ ነጥብ ናቸው፣ ይተዉ።

አዲስ ሌንስ ግዢ ካላላችሁኝ የቀረውን ምክር ሁሉ እቀበላለሁ።

ባለሦስት መቶ

አትግዢ። ያለሽ ሌንስ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የሚስተካከለው አቋቋምሽ ነው።

ሽቦን ከፎቶ የሚያጠፋው የሌንሱ ቀዳዳ ወርድ ነው። የዙሙን ቁጥር ለኤፍ ቁጥሩ አካፍዪ፤ 250 ለ5.6 ሲካፈል 45 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ይህን ከአጥሩ ዓይን (በሽቦዎቹ መሐል ካለው ክፍተት) ጋር አስተያዪው። በየቦታው የምናየው የተጠላለፈ ሽቦ ዓይኑ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። 45 ወደ 50 ስለሚጠጋ የእያንዳንዱ ሽቦ ብዥታ ተዘርግቶ ከጎረቤቱ ብዥታ ጋር ይገናኛል፤ መስመሩ ይጠፋና ስስ መጋረጃ ብቻ ይቀራል። ኤፍ 8 ስታደርጊው ቀዳዳው 31 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ኤፍ 11 ላይ 23። ያኔ መስመሮቹ ተመልሰው ይመጣሉ። «ጥራት እንዲጨምር» ብሎ አፐርቸር (ቀዳዳውን) የሚያጠብ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ዙሙን ወደ 55 መመለስም ያው ነው፦ በኤፍ 4 እንኳ ቀዳዳው 14 ሚሊሜትር አይሞላም። ስለዚህ በሽቦ ፊት ሁልጊዜ 250፣ ሁልጊዜ 5.6።

ሁለተኛው ነገር የርቀት ድርሻ ነው። አንቺ ከሽቦው የራቅሽው እንስሳው ከአንቺ የራቀውን አንድ አራተኛ ከሆነ፣ ከ45ቱ ሚሊሜትር የሚሠራልሽ ሦስት አራተኛው ነው፤ 34 ገደማ። አንድ አሥረኛ ከሆነ 40 ይቀርልሻል። በተግባር ሲታይ፦ ከሽቦው 2 ሜትር ላይ ጎብኚን የሚያቆም መከለያ ካለና አንበሳው 8 ሜትር ላይ ከተኛ ፊቱ ላይ ስስ ግራጫ ሸንተረር ይኖራል። ያው አንበሳ 20 ሜትር ላይ ሲሆን ሸንተረሩ የለም ማለት ይቻላል። መከለያ ባለበት ቦታ እንስሳው ወደ አንቺ ሲመጣ ደስ አይበልሽ፤ ሲርቅ ነው የሚነሳው። መከለያውን ተሻግሮ ሌንስ ሽቦ ላይ መለጠፍ ግን የለም፤ የአቦሸማኔ እጅ በሽቦ ዓይን ይወጣል።

የሚነጣው ፎቶሽ ከዚህ የተለየ በሽታ ነው። ሽቦው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል፤ ተበትኖ መጋረጃ የሆነው ብዥታ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። ሽቦው ጥላ ውስጥ ሲሆን መጋረጃው ጥቁር ነው፣ ፎቶውን ትንሽ ከማጨለም ያለፈ አይጎዳም። ስለዚህ ስትደርሺ መጀመሪያ እንስሳውን ሳይሆን አጥሩን እዪ። የዛፍ ወይም የምሰሶ ጥላ ያረፈበትን ቁራጭ ፈልገሽ በዚያ በኩል አንሺ፤ የራስ ቁመት የሚያህል ጥላ ይበቃል። ከጠፋ አንድ ሰው ጃንጥላ ዘርግቶ ሽቦው ላይ ጥላ ይጣል። ሌንሱ ፊት ያለው ክብ ብቻ ከጠቆረ በቂ ነው፣ አጥሩን ሁሉ ማጥቆር አያስፈልግም።

ዩቪ ፊልተር ካለው አውጪው፤ መጋረጃ ላይ መጋረጃ ነው። የፀሐይ መከለያውን (ሁዱን) ግን አትርሺው።

ጽድ ሥር

ባለሦስት መቶ ስለ ጭጋጉ ጨርሶታል፤ እኔ ፎከሱን ልያዘው።

ካሜራው ሽቦውን የሚይዘው ቀረብ ያለና ጎላ ያለ መስመር ስለሚወድ ነው። ፎከስ ነጥቡን ለራሱ ከተውሽለት አሥር ጊዜ ብትሞክሪ ዘጠኙን ሽቦ ይሰጥሻል። የማደርገው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንድ ነጥብ ብቻ ምረጪ፣ የመሐሉን። ሞዱ ዋን ሾት (አንዴ ፎከስ አድርጎ የሚቆልፈው) ይሁን፤ ሰርቮ (ፎከሱን እየተከተለ የሚቀይረው) ላይ ከሆነ እንስሳው በተነቃነቀ ቁጥር ወደ ሽቦው ይዘላል። ከእንስሳው ጋር እኩል ርቀት ላይ ያለ፣ ጎላ ያለ ጠርዝ ያለው ነገር (ድንጋይ፣ የዛፍ ግንድ) ላይ ፎከስ አድርጊና ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ፎከስ ማድረጊያው) ቀይሪው። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን ጥቂት እየነካሽ ዓይኑን ማጥራት ነው። ስክሪኑ ላይ አምስት ወይም አሥር እጥፍ አጉልተሽ ብታዪው ይቀላል። አንበሳ ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ ስለሚያሳልፍ ለዚህ ጊዜ አለ። ሲነቃ ብዙ ጊዜ ያዛጋል፣ አንዴ ካዛጋ ደግሞ ይደግመዋል፤ የመጀመሪያው ካመለጠሽ ካሜራውን ከዓይንሽ አታውርጂ።

አንድ የማይነገር ዘዴ አለ፦ ሌንሱ ከተወሰነ ርቀት በታች ፎከስ ማድረግ አይችልም። የአንቺው 55-250 ኤስቲኤም ከሆነ 85 ሴንቲሜትር፣ የቀደመው ከሆነ 1.1 ሜትር ነው። መከለያ የሌለበት አጥር (ኤሊ፣ ወፍ ቤት) ጋ ከዚያ ቀርበሽ ከቆምሽ ሽቦው ላይ መቆለፍ አይችልም፤ አልፎ ለመሄድ ይገደዳል።

የኋላውን አጥርም አትርሺ። የፊቱ ሽቦ ጠፍቶ ከአንበሳው ጀርባ ያለው ሽቦ ጥርት ብሎ የሚታይበት ፎቶ ከሁሉም ያናድዳል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን በመሄድ ብቻ ከጀርባው ቁጥቋጦ ወይም ጥላ ማምጣት ይቻላል። ከጀርባ የሚያበራ ቅጠል ወይም ሰማይ ካለ ደግሞ የፊቱ ሽቦ በዚያ ብርሃን ላይ መረብ እየሠራ ይወጣል። ጀርባው ጨለምለም ይበል።

ሌላው የሽቦው ጥላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባሽ ሆና እንስሳው አጥሩን ተጠግቶ ከቆመ ፊቱ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ጥላ ያርፍበታል፤ ይህ በኤዲት አይወጣም። 3 ሚሊሜትር የሚወፍር ሽቦ ጥላው ከሠላሳ ሴንቲሜትር ገደማ ጀምሮ ይሳሳል፣ ሜትር ተኩል ላይ እምብዛም አይታይም። እስኪርቅ መጠበቅ ነው።

ኮሶ በር

ሰብለ፣ የጉዞውን ቅደም ተከተል ገልብጪው። ገፈርሳ ወደ ሆለታ በሚወስደው በአምቦ መንገድ ላይ፣ ከመሐል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስትሄጂ ታገኚዋለሽ። ወፍ የጠዋት ነው። ሰሞኑን ፀሐይ 12 ሰዓት ከሩብ አልፎ ትወጣለች። እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ብርሃን ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው። 3 ሰዓት ካለፈ ሁለት ነገር ይበላሻል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ይከርራል፣ ጥላው ይጠቁራል። ሌሊት የቀዘቀዘው ሜዳ መሞቅ ሲጀምር ደግሞ አየሩ ከመሬቱ በላይ ይንቀጠቀጣል፤ 60 ሜትር ላይ ያለ ዝይ በማንኛውም ሌንስ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሰው ሌንሱን ይረግማል፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። አንበሳን ግን በ4 ሰዓትም ጥላ ሥር ብታነሺው ያምራል። ስለዚህ ጠዋት ዝይ፣ ረፋዱ ላይ አንበሳ።

ገፈርሳ የከተማው የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ጥበቃ አለው። ለጠባቂው ቀድመሽ ሰላምታ ሰጥተሽ ወፍ እንደምታነሺ ንገሪው፤ ግድቡንና ሕንፃዎቹን አታንሺ። ድሮን ያለ ፈቃድ የትም አይወጣም።

እዚያ የምትፈልጊው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለም። ቆሞ ሲግጥ ግራጫ ቡኒ ብቻ ነው። ሰማያዊው የሚገለጠው ክንፉን ሲዘረጋ ነው፤ ታጥቦ ላባውን ካበጠረ በኋላ ተነሥቶ ክንፉን ያራግባልና ያንን ጠብቂ። የመዝጊያ ፍጥነት 1/1250 ሰከንድ፣ ኤፍ 5.6፣ ራሱ የሚመርጠው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) እስከ 3200። ሰርቮ እዚህ ነው የሚሠራው፣ ሽቦ የለማ።

ነጥብ የሆኑብሽ ነገር ሒሳብ አለው። በአንቺ ካሜራና በ250፣ 20 ሜትር ላይ ፍሬሙ የሚሸፍነው ስፋት 1 ሜትር ከ78 ነው። 70 ሴንቲሜትር የሚሆን ዝይ 40 በመቶውን ይይዛል፤ ግሩም ነው። 50 ሜትር ላይ ስፋቱ 4 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ዝይዋ ወደ 940 ፒክስል ትወርዳለች፣ ለስልክ ስክሪን ይበቃል፣ ለግድግዳ አይበቃም። ድንቢጥ የምታህል ወፍ ከሆነች ከ5 ሜትር ማለፍ የለብሽም።

አቀራረቡ፦ ቀጥ ብለሽ አትሂጂባቸው። ሌላ ቦታ የምትሄጂ ይመስል በሰያፍ ሂጂ፣ አሥር እርምጃ ተራምደሽ ቁሚ፣ ተቀመጪ። ዝይዎቹ አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ ያ ወሰንሽ ነው፤ መጋጥ እስኪቀጥሉ አትነቃነቂ። እንዲበሩ ብሎ የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው የጀርባ ፎቶ ብቻ ነው። መኪና ካላችሁ ከመኪናው አትውረዱ፤ ወፍ ከሰው ይልቅ ለመኪና ትታገሣለች። ሞተሩን አጥፉ፣ ንዝረቱ ይገባበታል። መስኮቱ ላይ ግማሽ ድረስ ሩዝ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት ብታደርጊ (አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃል) ከትራይፖድ ይሻላል። ጦጣ ያለበት ቦታ ግን ከረጢቱን መኪና ውስጥ ተዪው።

ሰብለ ካሜራ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ጉሬዛውስ? ስልኩስ ከነጭራሹ ይቅር?

ጽድ ሥር

ጉሬዛ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ክፈፍ ነው፤ ካሜራው ማንን ይመን? መልሱ ጀርባው ላይ ይወሰናል። ከጀርባው ጥቁር ቅጠል ካለ ካሜራው ሁሉን ያነጣብሻልና የብርሃን ማስተካከያውን (ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን) ወደ ታች ሁለት ሦስተኛ (-0.7) አውርጂው። ነጩ ፀጉር ካልተቃጠለ ጥቁሩን ከራው (ካሜራው ካላሠራው ጥሬ) ፋይል ማንሳት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ከጀርባው ሰማይ ከሆነ ግልባጩ ነው፦ ከ+1 እስከ +1.7 ጨምሪ፣ ሰማዩ ይንጣ ተዪው፤ ፊቱን ነው የምንፈልገው። ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራም ሰማይ ላይ ሲያልፍ እንደዚያው ነው። ነጭ ወፍ ጥላ ባለበት ውኃ ላይ ስትቆም ግን -1።

እንዲያውም ጉሬዛን ያለ ሽቦ ከፈለግሽ ሌላ ቀን ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ሞክሪ፤ ጽዱ ውስጥ ሞልቷል፣ የምኒልክ ድኩላም አለበት። ብርሃኑ ከዛፍ ሥር ትንሽ ስለሆነ አይኤስኦ 3200 ከጅምሩ ያዥ።

ባለሦስት መቶ

ስልክ አይቀርም። ሒሳቡ ግን ይገለበጣል። የስልክ ሌንስ ቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ሽቦን አያደበዝዝም፤ ስለዚህ በሽቦው ዓይን መሐል እንዲያይ ማድረግ ነው። 5 ሴንቲሜትር ዓይን ለስልክ ሌንስ ሰፊ ነው። ስልኩን ከሽቦው በዚህ በኩል አስጠግቶ ሌንሱን ዓይኑ መሐል ላይ ማነጣጠር። ይህ የሚሠራው ኤሊና የመሳሰለው ጋ ብቻ ነው። ጦጣ ባለበት የስልኩ ጠርዝ እንኳ በሽቦው እንዳያልፍ፤ ከእጅ ሲነጥቅ አይታይም። ከሁለት እጥፍ በላይ አታጉዪ፣ የሩቁ ዙም በአብዛኛው ስልክ ቆርጦ መለጠጥ ነው። ፍላሹን አጥፊው። ሽቦው ላይ ተመልሶ ፎቶውን ያነጣዋል፣ እንስሳውንም ይረብሻል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ አይኤስኦ 3200 አልበዛም? እኔ ከ400 በላይ አልወጣም፤ ጫጫታው (ኖይዙ) ፎቶውን ያበላሸዋል ይባላል። ፖላራይዘርስ (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊልተር) የሽቦውን ነጸብራቅ አይቆርጥም?

ጽድ ሥር

ወንድሜ፣ ኖይዝ በኤዲት ይቀንሳል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን ቆሻሻ መጣያ ነው። 250 በክሮፕ ካሜራ ሲያዝ የእጅ መንቀጥቀጥ እንዳይታይ 1/400 ይፈልጋል፤ ማረጋጊያው ካለ ለተኛ አንበሳ 1/200 ይበቃል፣ ለሚራመድ 1/500፣ ቅርንጫፍ ላይ ለምትቁነጠነጥ ትንሽ ወፍ 1/1000፣ ለሚበር ጭልፊት 1/2000። በጥላ ውስጥ ይህን ፍጥነት አይኤስኦ 400 አይሰጥህም። አብርቶ የተነሳ 3200፣ ጨልሞ ተነሥቶ በኤዲት ከበራ 400 ይልቅ ብዙ ጊዜ የጠራ ነው።

ፖላራይዘር አንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ብርሃን ይበላል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)። ከዚህም በላይ የብረት ነጸብራቅ በፖላራይዘር እምብዛም አይቆረጥም። እባብ የሚቀመጥበት ዓይነት መስታወት ሲሆን ያግዛል፤ እዚያም ቢሆን የላስቲክ ሁድ መስታወቱ ላይ ማስደገፍ ይበልጣል።

ኮሶ በር

በቅርብ ላለ ወፍ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን እመክራለሁ። ራስ ክምር ያበበበት ቦታ ፈልጉና 4 ሜትር ላይ ቁጭ በሉ። የአበባ ማር የምትመጠው ወፍ (ተከዜ የሚሏትም ዘመዶቿም) አበባ ላይ ተራ አላት፤ ሄዳ ትመለሳለች። እሷን ከመከተል አበባውን ፎከስ አድርጎ መጠበቅ። ወንዱ በጥላ ጥቁር ነው፣ ወይን ጠጁ የሚያበራው ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና በቀጥታ ሲያርፍበት ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ውስጥ ጊዜ አታጥፉ፤ ኮሶውና ጽዱ ያለበት ነው ወፉ ያለው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የወፍ ድምፅ ከስልክ እያጫወታችሁ አትጥሩ፤ ወንዱ ጠላት መጣ ብሎ መብሉን ትቶ ይንከራተታል። በክረምት ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ እንደ ሱሉልታ ባለ ውኃ ያቆረ ሣር ውስጥ ለፎቶ ብላችሁ አትግቡ፤ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ አሉ፣ ዱካችሁን ተከትሎ ውሻም እረኛም ይገባል።

ሰብለ፣ ሌሊቱ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከገፈርሳ ቅዝቃዜ ወጥተሽ የሞቀ መኪና ውስጥ ካሜራውን እንዳለ ብታስገቢው ሌንሱ ላብ ያወጣል፣ ሆለታም እስክትደርሺ አይደርቅም። ውጭ ሆነሽ ፌስታል ውስጥ ከትተሽ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሜሞሪውን ቀድመሽ አውጪ፣ ፎቶ ለማየት ብለሽ ከመንገድ ፌስታሉን እንዳትፈቺ። ባትሪም በብርድ ቶሎ ያልቃልና ትርፉን ደረት ኪስሽ ውስጥ ያዥው።

ሰብለ ካሜራ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጃንጥላው ምን ዓይነት ቀለም ይሁን? ቤት ያለው ቀይ ነው።

ባለሦስት መቶ

ቀይ አይሆንም። ፀሐይ ሲያልፍበት ሽቦው ላይ ቀይ ብርሃን ይጥላል፣ መጋረጃሽ ሮዝ ይሆናል። ጥቁር፣ ወፍራም ጨርቅ ያለው። ከሌለ ጥቁር ኮት በሁለት እጅ ወጥሮ መያዝም ይሠራል። ጃንጥላ ከሆነ አጥሩ ጋ ሳትደርሱ ዘርጉት፤ አጠገባቸው ድንገት ሲከፈት ተነሥተው ሄደው ሩብ ሰዓት አይመለሱም። አስቀድማችሁም ተንከባካቢውን ጠይቁ፤ አንዳንዱ እንስሳ ከሰው እጅ ተነጥቆ የመጣ ስለሆነ የተዘረጋ ነገር ሊፈራ ይችላል፣ ያኔ ጥላ ያለበትን ቁራጭ መፈለግ ነው።